«እንስላል» ስንል የትኛውን ነው? በአዳማ ጓሮ ዲልን ስለ ማልማት



የዛሬው ንግግሬ ስለ አንዲት ትንሽ የጓሮ ተክል ነው። ተክሏ ትንሽ ብትሆንም የምታስነሣቸው ጥያቄዎች ሁለት ናቸው፤ አንደኛው የስም፣ ሁለተኛው የጊዜ።

ከስሙ እንጀምር። በአገራችን «እንስላል» የሚለው ስም ለሁለት የተለያዩ ዕፅዋት ሲሰጥ ይሰማል። አንደኛው ሊቃውንት ፎኢኒኩሉም ቩልጋሬ የሚሉት፣ ለአረቄ ማጣፈጫና ለሽንት ሕመም መድኃኒትነት የምናውቀው ነው። ሁለተኛው አኔቱም ግራቬዎለንስ፣ በዘር መሸጫ «ዲል» የሚባለው ነው። ሁለቱም የካሮት፣ የድንብላልና የነጭ አዝሙድ ቤተሰብ ናቸው፤ ቅጠላቸውም እንደ ክር የቀጠነ ስለሆነ በዓይን ብቻ መለየት ያስቸግራል።

መለያው ግን አለ። እንስላል ከሥሩ እያቆጠቆጠ ለዓመታት ይኖራል፤ ሽታውም ጣፋጭ ነው፣ ምክንያቱም አኔቶል የተባለው ንጥረ ነገር ስለሚበዛበት። ዲል ግን ዘር አፍርቶ በአንድ ወቅት ያልቃል። ፍሬው ጠፍጣፋና ዳርና ዳሩ ስስ ክንፍ ያለው ሲሆን፣ ሽታውን የሚሰጠው በዋናነት ካርቮን ነው። የእንስላል ፍሬ ግን ረዘም ያለና ጎላ ጎላ ያሉ መስመሮች ያሉት ነው።

ይህ ልዩነት የቃላት ጨዋታ አይደለም። ስለ ባህላዊ መድኃኒት የሚያጠና ተማሪ «እንስላል ይጠጣል» ብሎ ብቻ ቢመዘግብ፣ የትኛው ንጥረ ነገር እንደተጠጣ ማንም ሊያውቅ አይችልም። ስለዚህ ከስሙ ጋር አበባና ፍሬ ያለው ናሙና አድርቆ በ1959 እ.ኤ.አ. በተመሠረተው ብሔራዊ ሄርባሪየም ማስመዝገብ ያስፈልጋል። በዚሁ ቤተሰብ ውስጥ ሶቅራጥስን የገደለው መርዛማ ተክልም እንዳለ መዘንጋት አይገባም። ያልታወቀን የሜዳ ተክል በመልኩ ብቻ ተማምኖ ወደ ማሰሮ መክተት አደገኛ ነው።

ወደ ጊዜው እንለፍ። ከውጭ የመጣ የዘር እሽግ «በፀደይ ዝሩ» ይላል። ምክሩ ውርጭ ላለበት አገር የተጻፈ ነው። ዲል ቀን ሲረዝም ለማበብ የሚቸኩል ተክል ነው፤ በስቶክሆልም የሰኔ ቀን ከ18 ሰዓት ይበልጣል። በአዳማ ግን በረጅሙና በአጭሩ ቀን መካከል ያለው ልዩነት አንድ ሰዓት ያህል ብቻ ነው። ስለዚህ እዚህ ልብ ልንለው የሚገባን ከቀኑ ርዝመት ይልቅ ሙቀቱንና የውሃ እጥረቱን ነው። በመጋቢት ወይም በሚያዝያ የተዘራ ዲል ቅጠሉ ሳይጠግብ ወደ አበባ ይሮጣል። ተመራጩ ጊዜ ክረምቱ ከወጣ በኋላ ከጥቅምት እስከ ታኅሣሥ ያለው ነው፤ ሌሊቱ ቀዝቃዛ ነው፣ ውሃ የማጠጣቱ ሥራ ግን የጓሮው ባለቤት ይሆናል። 1,600 ሜትር ገደማ ከፍታ ላይ ላለችው አዳማ የሚስማማው ቀን፣ 1,000 ሜትር ገደማ ላይ ላለችው መተሐራ እንዳለ አይሠራም፤ እዚያ ጥላ ይበልጥ ያስፈልጋል።

አዘራሩ ቀላል ነው። ዲል ወደ ታች የሚወርድ ዋና ሥር ስላለው ችግኙን ማዛወር አይወድም፤ በቀጥታ መደቡ ላይ ይዘራል። ዘሩን ከአንድ ሴንቲሜትር ባልበለጠ ጥልቀት መሸፈንና እስኪበቅል፣ ማለትም ከ10 እስከ 14 ቀን፣ አፈሩን እርጥብ ማድረግ ይገባል። የስምጥ ሸለቆው ከእሳተ ገሞራ የመነጨ ቀላል አፈር ውሃ ቶሎ ስለሚያጣ፣ የበሰለ ፍግ ወይም ኮምፖስት መቀላቀልና በገለባ መጎዝጎዝ ይጠቅማል። የበቀለው ከ20 እስከ 30 ሴንቲሜትር እንዲራራቅ ይሳሳል። በየሦስት ሳምንቱ ጥቂት ጥቂት መዝራት ደግሞ ለጋ ቅጠል እንዳይቋረጥ ያደርጋል።

ቅጠሉ ሳይበስል የሚበላ በመሆኑ የፍሳሽ ውሃ ማጠጣትም ሆነ ፀረ ተባይ መርጨት አይመከርም። ክሽክሽ ቢታይ በውሃ ማጠብ ይበቃል። ጥቂቱን እንዲያብብ ብንተወው ንቦችንና ክሽክሽ የሚበሉ ነፍሳትን ይጋብዛል፤ ፍሬው ሲቡናኝ ቆርጠን ለከርሞ ዘር እናስቀምጣለን። ያን ጊዜ በከረጢቱ ላይ የምንጽፈው ስም ትክክለኛው ይሁን።