ሚስማሩን አትጣሉት

ሆቴል በር ላይ ጥበቃው ወገባችሁ ዙሪያ የሚያዞራትን፣ የቤት ቁልፋችሁ ጋ ስትደርስ የምትጮኸዋን መፈተሻ ሁላችሁም ታውቋታላችሁ። ረጅም እጀታ፣ ሰሃን የሚያህል ክብ ጫፍና የጆሮ ማዳመጫ ጨምሩላት፤ ብዙ አሜሪካውያን በእረፍት ቀናቸው ይዘውት አሮጌ ቤቶችን የሚዞሩት ሜታል ዲቴክተር ወጣላችሁ። የሚፈልጉት የድሮ ሳንቲም፣ የወታደር ልብስ አዝራር፣ የጫማ ዘለበት፣ ጥይት ነው። እኔ ግን ልነግራችሁ የጓጓሁት አብዛኞቹ ሲያገኙት ስለሚበሳጩበት ነገር ነው፦ ስለ ዛገ ሚስማር።

መጀመሪያ መሣሪያው። ክብ ጫፉ ውስጥ የመዳብ ሽቦ ተጠምጥሟል። በሽቦው የሚመላለሰው ኤሌክትሪክ ወደ መሬት መግነጢሳዊ መስክ ይልካል። መስኩ ሳንቲም ሲያገኝ ሳንቲሙ ውስጥ የኤሌክትሪክ ሽክርክሪት ይፈጠራል፤ ሽክርክሪቱም በተራው የራሱን መስክ መልሶ ይልካል። መሣሪያው ይህን መልስ ይሰማል። የሚያስደንቀው ደግሞ መልሱ የሚዘገይበት መጠን እንደ ማዕድኑ መለያየቱ ነው። ብርና መዳብ ኤሌክትሪክ በደንብ ስለሚያስተላልፉ ብዙውን ጊዜ ከፍ ያለ ቁጥርና ቀጭን ድምፅ ያሰማሉ፤ ብረት ደግሞ ጎርናና ነው። መከራው መሀል ላይ ነው። ትንሽ የወርቅ ቀለበትና የለስላሳ ጣሳ መክፈቻ አንድ ዓይነት ቁጥር ሊያሳዩ ይችላሉ፤ ስለዚህ ወርቅ የጠማው ሰው የጣሳ መክፈቻ ሲለቅም ይውላል።

ሳንቲም የሚገኘው ሰው በሚጎነበስበትና በሚቀመጥበት ቦታ ነው፦ ደጃፍ ላይ፣ ጥላ ያለው ዛፍ ሥር፣ ልብስ በሚሰጣበት ገመድ ሥር፣ ወደ ውኃ ጉድጓዱ በሚወስደው መንገድ። ምሥራቅ አሜሪካ ውስጥ ከ1793 እስከ 1857 የተመረቱት ትልልቅ የመዳብ ሳንቲሞች ይወጣሉ (ዓመቶቹ ሁሉ በፈረንጅ አቆጣጠር ናቸው)። የስፔን የብር ገንዘብም ይወጣል። ጠገራ ብር ለሚያውቅ ሰው ይህ አይገርምም። እኛ 1780 የሚል የተጻፈበትን፣ የኦስትሪያዋን ማሪያ ቴሬዛ መልክ የያዘውን ብር እንደተገበያየንበት ሁሉ፣ አሜሪካኖችም እስከ 1857 ድረስ የስፔንን ብር በሕግ ተቀብለው ይገበያዩበት ነበር። መልስ ሲያጥራቸው በመቁረጫ ይከፋፍሉት ስለነበር ቁራጩም ይገኛል።

አሁን ወደ ሚስማራችን። መሣሪያው ላይ ብረትን ዝም የሚያሰኝ ማስተካከያ አለ፤ ጀማሪ ሁሉ ቀድሞ የሚጫነው እሱን ነው። ጆሮው ያርፍለታል፤ ግን ሚስማር አጠገብ የተኛው ሳንቲምም አብሮ ዝም ሊል ይችላል። ከዚህ የባሰው ጉዳት ደግሞ ሚስማሮቹ የሚጠቁሙት ቤት ራሱ መጥፋቱ ነው።

ቨርጂኒያ ውስጥ ሞንትፔሊየር የሚባል ቦታ አለ፤ የአሜሪካ አራተኛው ፕሬዝዳንት የጄምስ ማዲሰን ርስት። ዋሽንግተን ዲሲ ዙሪያ ለምትኖሩ በመኪና ሁለት ሰዓት ገደማ ነው። ትልቁ ቤት አሁንም ቆሟል። ማዲሰን በባርነት ይዟቸው የነበሩት ሰዎች ከኖሩባቸው ቤቶች ግን ከመሬት በላይ ምንም አልቀረም፤ ግንዱም ሳንቃውም በስብሷል። የቀረው ሚስማር ነው። የቦታው አርኪዮሎጂስቶች ታዲያ ዲቴክተር ያላቸውን ሰዎች ከማባረር ይልቅ ጋበዟቸው። መሬቱ በገመድ በአራት ማዕዘን ይከፋፈላል፣ የብረቱ ድምፅ አይዘጋም፣ ምልክት የተሰማበት ሁሉ ካርታ ላይ ይሰፍራል። የተገኘው ነገር የቦታው ነው፤ ማንም ኪሱ አይከተውም። ሚስማሩ ካርታው ላይ ሲከማች ቤት የነበረበት ይታያል። ለእኔ ይህ ከአንድ እንስራ ብር ይበልጣል።

ሚስማሩን እጃችሁ ላይ አገላብጡት። አራቱም ጎኑ ወደ ጫፉ እየቀጠነ ከሄደና ራሱ ላይ የመዶሻ ምት ካለ፣ ቀጥቃጭ አንድ በአንድ የሠራው ነው። ሁለት ጎኑ ብቻ ከቀጠነና አካሉ ጠፍጣፋ ከሆነ ከብረት ሳህን በማሽን የተቆረጠ ነው፤ ይህ ከ1790ዎቹ ወዲህ የመጣ ነው። ክብ ከሆነ ደግሞ ከሽቦ የተሠራው የዛሬው ዓይነት ነው፤ ገበያውን የያዘው በ19ኛው ክፍለ ዘመን ማብቂያ ላይ ነው። ስለዚህ የሚስማር ክምር ቤቱ በግምት መቼ እንደተሠራም ይናገራል። ማን እንደቀጠቀጠውስ? እዚያው ቨርጂኒያ ሞንቲሴሎ በሚባለው ርስቱ፣ ሦስተኛው ፕሬዝዳንት ቶማስ ጄፈርሰን በ1794 የሚስማር መሥሪያ ከፍቶ ነበር። የሚሠሩት ከ10 እስከ 16 ዓመት የሆናቸው ባሪያ ልጆች ነበሩ።

መሞከር ያማራችሁ ካላችሁ፣ የግል መሬት ከሆነ የባለቤቱን ፈቃድ በጽሑፍ ያዙ። በብሔራዊ ፓርኮች ዲቴክተር መጠቀም ክልክል ነው፤ በሌላውም የፌዴራል መሬት ላይ ከመቶ ዓመት በላይ ዕድሜ ያለውን ቅርስ ያለ ፈቃድ ማውጣት ከ1979ኙ የቅርስ ጥበቃ ሕግ ጋር ያጋጫል። ስትቆፍሩ ሳሩን ከነሥሩ እንደ መሶብ ክዳን አንሱትና መልሳችሁ ግጠሙት። ሳንቲሙን ደግሞ በጣታችሁ እንዳትፈትጉት! መዳብ ከሆነ ጽሑፉ ከአፈሩ ጋር ተልጦ ይሄዳል።

አክሱምን ያሰባችሁ ደግሞ አትቸኩሉ። እዚያ ዝናብ አፈሩን ሲያጥብ የጥንት ነገሥታት ሳንቲም ለገበሬው ብቅ ይላል፤ አንዳንዱ መዳብ ላይ ወርቅ የተለበጠበት ነው። በአዋጅ ቁጥር 209/1992 (ይህኛው ዓመት በእኛ አቆጣጠር ነው) መሠረት ግን ያለ ፈቃድ ቅርስ ፍለጋ መቆፈር ክልክል ነው፤ በአጋጣሚ ያገኘም ለሚመለከተው አካል ማሳወቅ አለበት።