ሆስፒታል የሚያስተዳድር ሰው እንዴት ይሰናዳ?

ልጃቸው በትምህርቱ ጎበዝ ሆኖ የተገኘ ወላጆች «ሐኪም ይሁንልን» ማለታቸው የተለመደ ነው። ምኞቱ መልካም ነው፤ እኛም አንነቅፈውም። ነገር ግን ሐኪሙ ሥራውን ይሠራ ዘንድ መድኃኒቱን በጊዜው የሚያስመጣ፥ ውሃውና መብራቱ እንዳይቋረጥ የሚከታተል፥ የሠራተኛውን ተራ የሚደለድል፥ ገቢውንና ወጪውን የሚቆጣጠር ሌላ ሰው እንደሚያስፈልግ የሚያስቡ ወላጆች ጥቂቶች ናቸው። ዛሬ የምንነግራችሁ ስለዚሁ ሰው፥ ማለት ስለ ሆስፒታል አስተዳዳሪ ነው።

ይህ ሥራ ራሱን የቻለ ሙያ መሆኑ የታወቀው ቀስ በቀስ ነው። እ.ኤ.አ. በ1854 እንግሊዛዊቷ ፍሎሬንስ ናይቲንጌል 38 ሴቶች አስከትላ እስኩታሪ ወደሚገኘው የጦር ሆስፒታል በሄደች ጊዜ፥ ብዙዎቹን ወታደሮች ይገድላቸው የነበረው ቁስላቸው ሳይሆን ከቆሻሻና ከመጨናነቅ የሚመጣው በሽታ ነበር። ሰዎች ይህችን ሴት የሚያስታውሷት ፋኖስ ይዛ በሌሊት በሽተኞችን በመጎብኘቷ ነው፤ እኛ ግን ከፋኖሱ ይልቅ መዝገቧን እናደንቃለን። ወደ አገሯ ከተመለሰች በኋላ የሞቱትን ሰዎች በሞታቸው ምክንያት ለይታ በመቁጠር ለመንግሥት አቀረበች፤ እ.ኤ.አ. በ1859 ደግሞ ስለ ሆስፒታሎች አሠራር መጽሐፍ አሳተመች። የቺካጎ ዩኒቨርሲቲም እ.ኤ.አ. በ1934 በሆስፒታል አስተዳደር የዲግሪ ትምህርት ጀመረ።

በኢትዮጵያ በዚህ ረገድ መንገድ ከከፈቱት አንዱ በ1947 ዓ.ም. የተቋቋመው የጎንደር የሕዝብ ጤና ኮሌጅ ነው። ኮሌጁ የጤና መኮንኖችን፥ ነርሶችንና የአካባቢ ንጽሕና ባለሙያዎችን በአንድነት አሠልጥኖ ወደ ጤና ጣቢያዎች ይልክ ነበር። የጤና መኮንኑም በሽተኛ ከማከሙ በላይ ጣቢያውን የሚመራ ኃላፊ ነበረ። በትልልቆቹ ሆስፒታሎች ግን ለረጅም ዘመን አስተዳደሩ በሐኪሙ ጫንቃ ላይ ተጭኖ ኖረ። ቀዶ ሕክምና የሚያውቅ ሰው የነዳጅ መጠየቂያና የፈቃድ ደብዳቤ ሲፈርም ይውላል ማለት ነው። ሐኪም በሚያንስበት አገር ይህ ቀላል ኪሳራ አይደለም፤ በጽሕፈት ቤት ያለፈው ሰዓት ደጅ ከሚጠብቀው በሽተኛ የተወሰደ ነውና።

ስለዚህም እ.ኤ.አ. በ2006 የጤና ጥበቃ ሚኒስቴር ከክሊንተን ፋውንዴሽንና ከዬል ዩኒቨርሲቲ ጋር በመተባበር የሆስፒታሎችን አስተዳደር ማሻሻል ጀመረ፤ ሆስፒታሎችንም የሚመሩ ዋና ሥራ አስኪያጆች ይሾሙ ጀመር። ጅማ ዩኒቨርሲቲ ለእነዚሁ ሰዎች በሆስፒታል አስተዳደር የሁለተኛ ዲግሪ ትምህርት ከፈተ። ተማሪዎቹ ሥራቸውን ሳይለቁ የሚማሩ ስለሆኑ፥ በክፍል የሰሙትን ወደ ሆስፒታላቸው ተመልሰው ይሞክሩት ነበር። አሠራሩ እጅግ ደስ ያሰኘናል።

እንግዲህ ወጣቱ ምን ይማር? አስቀድሞ ሒሳብ። ከ1990 ዓ.ም. የጤና ፋይናንስ ስትራቴጂ ወዲህ ሆስፒታሎች ከበሽተኛ የሚሰበስቡትን ገቢ ለራሳቸው ሥራ እንዲያውሉ በየጊዜው ተፈቅዶላቸዋል፤ መዝገብ ማንበብ የማይችል አስተዳዳሪ ይህን ገንዘብ ሊጠቀምበት አይችልም። ቀጥሎ የመድኃኒት ግምጃ ቤት። አንድ መድኃኒት በወር 40 ካርቶን ቢያልቅና የታዘዘው ለመድረስ 3 ወር ቢፈጅ፥ ትእዛዙ የሚጻፈው በመደርደሪያው ላይ ከ120 ካርቶን በላይ ሳለ ነው። ባዶ መደርደሪያ አይቶ የሚያዝዝ ሰው ሦስት ወር ሙሉ በሽተኛውን «ከውጭ ግዛ» እያለ ይመልሳል። የአገልግሎት ዘመኑ ቀድሞ የሚያበቃውም ቀድሞ እንዲወጣ ማድረግ አለበት፤ ይህ ቀላል ሕግ ሲዘነጋ በብዙ ገንዘብ የተገዛ መድኃኒት ይቃጠላል።

ከዚያም የካርድ ክፍል አለ። ከገጠር ሌሊት ተነሥታ የመጣች እናት ሕፃኗን አዝላ የምትቆመው በዚያ መስኮት ፊት ነው። የልጇ ካርድ ጠፋ ከተባለ ያለፈው ሕክምና ሁሉ አብሮ ጠፋ፤ ሐኪሙ እንደ አዲስ ይጀምራል፤ ምርመራው ይደገማል፤ እርሷም ሁለተኛ ትከፍላለች። አዲስ የተሾመ አስተዳዳሪ በመጀመሪያው ሳምንት ከወንበሩ ይልቅ በዚያ መስኮት አጠገብ ቢቆም እንመርጣለን። በሽተኛው ከበር የገባበትንና ሐኪም ፊት የቀረበበትን ሰዓት ይጻፍ፤ ሠላሳ ሰው ያህል ቢመዘግብ ጊዜው የት እንደሚባክን ይገለጥለታል።

ስለ አነጋገርም አንድ ነገር እንጨምር። ወለል የሚያጥቡትን አሮጊት «አንቺ» ብሎ የሚጠራ ወጣት ሹም፥ ኦክሲጅኑ ማለቁን ወይም ቧንቧው መፍሰሱን ማንም ቀድሞ አይነግረውም። «እማማ» ወይም «እርስዎ» ሲላቸው ግን እርሱ የማያየውን ሁሉ ይነግሩታል። ደብዳቤውም አጭርና ግልጽ ይሁን፤ የሚያነቡት ሥራ የበዛባቸው ሰዎች ናቸውና።

ነርስም፥ የጤና መኮንንም፥ የሒሳብ ባለሙያም ወደዚህ ሥራ ሊገቡ ይችላሉ። ሆኖም ሁለተኛውን ዲግሪ ከመያዛቸው በፊት ጥቂት ዓመታት በሆስፒታል ውስጥ ቢሠሩ፥ የሌሊት ተራም ቢገቡ እንመክራለን። ገና በትምህርት ቤት ያለ ልጅ ደግሞ በክረምት ዕረፍቱ በአቅራቢያው ወዳለው ጤና ጣቢያ ሄዶ፥ ቢፈቀድለት፥ ከዕቃ ግምጃ ቤቱ ኃላፊ ጋር ቆጠራ ያግዝ።