አጥንቱ ሳይገጥም የካሳ እርቅ አትፈርሙ

ዛሬ የማወራው ስለ መድኃኒት ሳይሆን ስለ አደጋ ካሳ ነው። «ይሄ ደግሞ ሐኪምን ምን አገባው?» የምትሉ አትጠፉም። እኔም ተማሪ ሳለሁ እንደዛ ነበር የማስበው።

አገና እየሠራሁ ነው። የመስቀል ሰሞን ጉራጌ አገር እንዴት እንደሚሆን ታውቃላችሁ፤ አዲስ አበባ ያለው ሁሉ መኪናውን እያስነሳ ይገባል፣ መንገዱ ይጨናነቃል። አንድ ምሽት መንገድ ሲሻገሩ መኪና የገጫቸው አባት መጡ። የቀኝ ቅልጥማቸው ተሰብሯል። ራጅ ተነሱ፣ በስፕሊንት አሰርን፣ ለኦፕራሲዮን ወደ ወልቂጤ ሪፈር ጻፍኩ። ጠዋት አምቡላንሱ ሳይመጣ ሽማግሌዎች አልጋቸው ድረስ ደረሱ። የባለመኪናው ቤተሰብም ክፉ ሰዎች አልነበሩም፣ አለቀሱ። 15,000 ብር ተሰጠ፣ «ከእንግዲህ ምንም አልጠይቅም» የሚል ወረቀት ተፈረመ። ጋሼም ሪፈሩን ትተው ወጌሻ ጋ ሄዱ።

በአምስተኛው ወር ተመልሰው መጡ። አጥንቱ ጠሞ ገጥሟል፣ እግራቸው አጥሯል፣ ያለ ምርኩዝ አይራመዱም። «ዶክተር፣ ወረቀት ጻፍልኝ፤ ልከስ ነው» አሉኝ።

ችግሩ እዚህ ጋ ነው። በ1952ቱ የፍትሐ ብሔር ሕጋችን እርቅ በተስማሙት ሰዎች መካከል ይግባኝ እንደሌለው የመጨረሻ ፍርድ ነው የሚቆጠረው። ሽማግሌ አይግባ እያልኩ አይደለም። የጆካ ሸንጎና ቂጫ ባለበት አገር እንደዛ ብል ማን ይሰማኛል? ቂም ማብረድ ሽማግሌ ያውቅበታል። ሰላሙን ዛሬ አውርዱ፣ የገንዘቡን ወረቀት ግን አቆዩት። የቅልጥም ስብራት በደህናው ጊዜ እንኳ ለመግጠም ወራት ይፈልጋል፤ አንዳንዱም አይገጥምም። ቋሚ ጉዳቱን በመቶኛ የሚወስነው የሐኪሞች ቦርድም ሕክምናው ሳያልቅ ትክክለኛውን ቁጥር መስጠት አይችልም። ለመክሰስ ሕጉ ጉዳቱ ከደረሰበት ቀን ጀምሮ 2 ዓመት ይሰጣችኋል፣ ምን ያስቸኩላል?

«ጥፋቱ የኔ አይደለም» የሚል ባለመኪናም አያስደንግጣችሁ። አደጋው በተጎጂው ጥፋት ካልደረሰ በቀር፣ የመኪና ባለቤት ራሱ ባያጠፋም መኪናው ላደረሰው ጉዳት ኃላፊ ነው። በዚያ ላይ በአዋጅ 799/2005 ማንኛውም ተሽከርካሪ የሶስተኛ ወገን መድን ሊኖረው ግድ ነው። ስልካችሁ እጃችሁ ላይ አይደል? ታርጋውንና መስታወቱ ላይ የተለጠፈውን የመድን ስቲከር ፎቶ አንሱ። ገጭቶ ካመለጠ ወይም መድን ከሌለው ደግሞ ለሞትና ለአካል ጉዳት የሚክስ የመድን ፈንድ አለ፤ ለዛም ቢሆን ለፖሊስ ማመልከት የግድ ነው። መድኑ የሚከፍለው ጣሪያ ስላለው ከጉዳታችሁ ካነሰ ቀሪውን ከባለቤቱ መጠየቅ ትችላላችሁ። የሕሊና ካሳ የሚባለው ግን ሕጉ ላይ ከ1,000 ብር አይበልጥም። አዎ፣ አንድ ሺህ። የ1952 ብር ነው።

እኛ ጋ ስትመጡ ደግሞ ይሄን እወቁ፦ ያው አዋጅ በመኪና አደጋ የተጎዳን ሰው ማንኛውም የጤና ተቋም የድንገተኛ ሕክምና እንዲሰጠው ያስገድዳል፤ ወጪውም አዋጁ ሲወጣ እስከ 2,000 ብር ድረስ በመድኑ የሚሸፈን ነበር። መጠኑ በደንብ ሊከለስ ስለሚችል ዛሬ ስንት እንደሆነ ጠይቁ። ደረሰኝ አትጣሉ፣ የአስታማሚና የትራንስፖርት ወጪም ጻፉ።

ከሁሉም በላይ ግን የሚያማችሁን ሁሉ ለሐኪሙ ንገሩትና ካርዱ ላይ መጻፉን ጠይቁ። ራሳችሁን ስታችሁ ከነበረ ለስንት ደቂቃ እንደሆነ፣ አንገት፣ ወገብ፣ ጉልበት፣ ምንም አይቅር። የተሰበረ እግር እያለ ሌላው ትንሽ ይመስላል፤ ከወራት በኋላ ፖሊስ በደብዳቤ የሕክምና ማስረጃ ሲጠይቀን ግን የምንጽፈው ካርዱ ላይ ያለውን ነው።

የጋሼን ካርድ አስወጣሁ። የኔው የእጅ ጽሑፍ ነው፣ በዚያ የመስቀል ግርግር በጥድፊያ የተጻፈ አንድ መስመር፦ የቀኝ ቅልጥም ስብራት፣ ሪፈር። እግራቸውን መርምሬ ስጨርስ የግራ እጃቸውን ሊያነሱ ሞከሩ፣ ከትከሻ በላይ አልሄደም።

«ያን ለታ ትከሻዬንም ብዬህ ነበር እኮ» አሉኝ።

ካርዱ ላይ የለም።