ጥቃት ያየ ሕፃንና ከትምህርት ሰዓት በኋላ ያለው ሥራችን

የማስተማር ልምምድ ድልድል በተለጠፈ ቁጥር ሁላችንም ተጋፍተን የምናየው ስማችን የት እንደ ወደቀ ነው። እንሴኖ የደረሰው ሠልጣኝ ግን አንድ ተጨማሪ ጥያቄ አለው። ከስሙ ትይዩ «ከትምህርት ሰዓት በኋላ» የሚል ተጽፎ ያገኛል። ይህ ምን ማለት ነው? ባለፈው መንፈቅ እኛም ይህንኑ ጠይቀን ነበር። «ልጆቹን ማስጠናትና ማጫወት ነው፤ ቀላል ነው» ተባልን። እውነትም ማስጠናትና ማጫወት ነው። ቀላል የተባለው ግን አልሆነልንም። ስለዚህ ቀጥለው ለሚወጡት ጓደኞቻችን ይጠቅም እንደሆነ ብለን ያየነውንና ከመምህራኖቻችን ጋር ተወያይተን የተረዳነውን እንደሚከተለው እናቀርባለን።

ትምህርቱ በፈረቃ ስለሆነ የጧት ተማሪ ከምሳ በኋላ ነፃ ነው። ነፃ የሚባለው ግን በወረቀት ላይ ነው፤ ውሃ የሚቀዳው፣ ከብት የሚያግደው፣ ቁርዓን ቤት የሚሄደው፣ በበርበሬ ለቀማ ወራት ማሳ የሚውለው ብዙ ነው። የማረቆ በርበሬ በመላ አገሪቱ የታወቀ መሆኑን ሁላችንም እናውቃለን፤ የማን ትንንሽ እጆች እንደሚለቅሙት ግን አስበን አናውቅም ነበር። ከዚህ ሁሉ የተረፈችው ጊዜ፣ በሳምንት ሦስት ቀን ሁለት ሁለት ሰዓት፣ በአንድ ክፍል ውስጥ የቤት ሥራ፣ ሥዕል፣ ኳስና ጨዋታ ትሆናለች። ልጆቹ የተመረጡት በትምህርት ስለ ደከሙ ብቻ አይደለም። ጥቃት የደረሰባቸው ወይም በሰው ላይ ሲደርስ ያዩ ናቸው።

ይህ ጥቃት ሁለት ዓይነት ነው። አንደኛው በአደባባይ የታየው ነው። በ2011 ዓ.ም. በመስቃንና በማረቆ አካባቢ በተነሣው ግጭት ሰው ሞቷል፣ ቤት ተቃጥሏል፣ ብዙ ቤተሰብ ቀዬውን ለቅቆ ተሰዷል። ከዚያም ወዲህ አልፎ አልፎ አገርሽቷል። ዘመኑ በአገር ደረጃም ክፉ ነበር፤ እ.ኤ.አ. በ2018 በኢትዮጵያ በግጭት ምክንያት የተመዘገበው አዲስ መፈናቀል 2.9 ሚሊዮን ገደማ ሲሆን በዚያ ዓመት ከዓለም አገሮች ሁሉ የበለጠ ነበር። ያኔ የተወለደ ሕፃን ዛሬ ለትምህርት ደርሷል። ትልልቆቹ ልጆች በዓይናቸው ያዩትን እሱ በማታ ወሬ ሰምቶታል፤ የሰማውም ቢሆን ያስፈራዋል።

ሁለተኛው በር ተዘግቶ የሚሆነው ነው። የዓለም ጤና ድርጅት እ.ኤ.አ. ከ2000 እስከ 2003 ባሉት ዓመታት በ10 አገሮች ባስጠናውና በ2005 ባወጣው ጥናት ከኢትዮጵያ የተመረጠው ሥፍራ ይኸው የቡታጅራ አካባቢ ነበር። ባል ወይም የትዳር ጓደኛ ከነበራቸው ሴቶች መካከል 71 በመቶ የሚሆኑት በሕይወታቸው ከባላቸው አካላዊ ወይም ወሲባዊ ጥቃት እንደ ደረሰባቸው ተናግረዋል። በጥናቱ ውስጥ ከታዩት ሥፍራዎች ሁሉ ከፍተኛው ይኸው ነው። ቁጥሩ የቆየ ስለሆነ ዛሬም ያው ነው አንልም። ይሁንና በዚያን ጊዜ በእናታቸው ጉያ ሥር የነበሩት ሕፃናት ዛሬ ራሳቸው አባትና እናት ሆነዋል። እኛ ከመሄዳችን በፊት የጠበቅነው የመጀመሪያውን ዓይነት ብቻ ነበር። ያገኘነው ሁለቱንም ነው፤ አንዳንዴም በአንድ ልጅ ላይ። ለምሳሌ ሁልጊዜ ክፍሉን ልጥረግ እያለች የምትለምነን አንዲት ልጅ ነበረች። ጎበዝ ሠራተኛ አልናት። በኋላ ስናስተውል የተጠረገውን መልሳ የምትጠርገው ወደ ቤት የመሄጃው ሰዓት እንዲርቅላት ነው።

ለመሆኑ ፍርሃት በልጅ አካል ላይ ምን ይሠራል? አደጋ ሲመጣ የማንኛውም ሰው ልብ ይፈጥናል፣ ትንፋሹ ያጥራል፣ ጡንቻው ይወጠራል፤ ይኸውም ወይ ለመታገል ወይ ለመሮጥ ነው። ሁለቱም ካልተቻለ ድርቅ ብሎ መቅረት ይመጣል። አደጋው ሲያልፍ አካሉም ይረጋጋል። አደጋ የተደጋገመበት ልጅ አካል ግን አደጋው ካለፈም በኋላ እንደ ተወጠረ ይቆያል። በር ሲጋጭ ይበረግጋል፤ ሰሌዳውን ሳይሆን መስኮቱን ያያል፤ ጓደኛው ሳያስበው ቢነካው በቡጢ ይመታዋል። ይህን ልጅ «ረባሽ» እንለዋለን። ድርቅ ብሎ የሚቀረውን ደግሞ «ሰነፍ፣ እንቅልፋም» እንለዋለን። ሁለቱም ስም ተሳስቷል።

አንድ ልጅ ሁልጊዜ በሩ ሥር ይቀመጥ ነበር። በተማርነው መሠረት ትኩረቱ እንዲሰበሰብ ብለን ወደ ፊት አመጣነው። ሁለት ቀን ቀረ። በሦስተኛው ቀን መጣና በሩ ሥር ቆመ። እሺ፣ እዚያው ተቀመጥ አልነው። መውጫውን እያየ ሲቀመጥ ነው ማባዛት የሚችለው። በቃ፣ ሥነ ዘዴያችን ለእሱ አልተጻፈም ነበር።

ከዚህ ሌላ ሳናውቅ ያጠፋነውን ብንናገር ይሻላል። በአገራችን ልማድ ለልጅ የሚቀርበው የመጀመሪያ ጥያቄ «የማን ልጅ ነህ?» የሚል ነው። ደግነትም ጨዋነትም ነው። በእንሴኖ ገበያ መስቃንኛ፣ የማረቆዎች ቋንቋ የሆነው ሊቢዶ፣ ስልጥኛና አማርኛ በአንድ ቀን ይሰማሉ፤ ልጆቹም ሁለት ሦስቱን ያቀላጥፋሉ። ግጭት ባለፈበት ቦታ ግን «የማን ልጅ ነህ?» የሚለው «ከየትኛው ወገን ነህ?» የሚል ሆኖ ይሰማል። ስንጠይቅ ልጆቹ እርስ በርስ ይተያዩ ነበር። ከዚያ በኋላ «ምን ጨዋታ ትወዳለህ?» ማለት ለመድን። መልሱም ቶሎ ይመጣል፤ ኳስ፣ ሱዚ፣ ቆርኪ።

ሌላው ጥፋታችን ድርሰት ነው። የአማርኛ ክፍለ ጊዜ ሲመጣ ሁላችንም የምንሰጠው «የማልረሳው ቀን» የሚለውን ርዕስ አይደለም እንዴ? ሰጠን። ግማሹ ስለ ዓረፋና ስለ መስቀል ጻፈ። አንዱ ሦስት መስመር ጽፎ ወረቀቱን አጣጥፎ በላው። አዎ፣ በላው። ርዕሱን እኛ መረጥነው እንጂ እሱ ዝግጁ አልነበረም። ብዙ ሰው «ይናገረው፣ ይቀልለዋል» ይላል። የዓለም ጤና ድርጅት ግን አደጋ ያለፈበትን ሰው ወዲያው አስቀምጦ የደረሰበትን እንዲተርክ መገፋፋትን አይመክርም፤ አንዳንዱን ይብስበታልና። ድርጅቱ ከሌሎች ጋር በ2011 እ.ኤ.አ. ባወጣው የሥነ ልቦና የመጀመሪያ እርዳታ መመሪያ ውስጥ ከረዳቱ የሚፈለገው ሦስት ነገር ነው፤ ማየት፣ ማዳመጥ፣ ማገናኘት። ማስለፍለፍ የለበትም።

ልጁ ራሱ ፈልጎ ቢነግረንስ? እናዳምጣለን። «እውነት ነው ወይ?» ብለን አንመረምርም፤ መርማሪ አይደለንምና። «ለማንም አልናገርም» ብለን ግን ቃል አንገባም። ልጁ ዛሬም አደጋ ላይ ከሆነ ምሥጢሩን መጠበቅ ልጁን አይጠብቀውም። «ነገሩን ለነገርከኝ ጥሩ አደረግህ፤ የሚረዳንን አንድ ሰው ጨምረን እንነጋገራለን» ማለት ይበቃል። ከዚያ ጉዳዩን ይዘን የምንሄደው ወደ መርሐ ግብሩ ኃላፊ ወይም ወደ ርዕሰ መምህሩ ነው፤ ወደ ጤና ጣቢያ፣ ወደ ወረዳው የሴቶችና ሕፃናት ጉዳይ ጽሕፈት ቤት ወይም ወደ ፖሊስ የሚያደርሱት እነሱ ናቸው። ወደ መኝታ ክፍላችን ይዘን መምጣት ግን አይገባም። አንድ ማታ እራት ላይ የአንዲትን ልጅ ነገር ስናወራ ለካ ከጠረጴዛው ማዶ የመንደሯ ሰው ተቀምጧል። እስካሁን እናፍራለን።

ስለ ዱላ ሳንናገር ብናልፍ አንባቢ ይታዘበናል። በ1987 ዓ.ም. የጸደቀው ሕገ መንግሥት በአንቀጽ 36 ሕፃናት በትምህርት ቤት አካልን ከሚጎዳ ቅጣት ነፃ የመሆን መብት እንዳላቸው ደንግጓል። ሕጉን ለፈተና ሸምድደነዋል። ሆኖም ከመካከላችን አንዱ ሰሌዳ ለማመልከቻ ብሎ ቀጭን አርጩሜ ይዞ ገባ። ማንንም አልመታም፤ ሊመታም አላሰበም። እሱ ወደ ሰሌዳው ሲዞር የፊት ረድፍ በሙሉ አንገቱን ቀበረ። እኛ የምናውቀው የእሱን ሐሳብ ነው፤ ልጆቹ የሚያውቁት አርጩሜውን ነው። ከዚያ ወዲህ በእጃችን በጣታችን እናመለክታለን።

ከሁሉ ይልቅ የረዳው ነገር ሲያዩት ተራ ነው፤ በሰዓቱ መገኘት። ስምንት ሰዓት ካልን ስምንት ሰዓት። አጀማመሩም ሁልጊዜ አንድ ዓይነት፤ ክብ ሠርቶ መቀመጥ፣ ስም መጥራት፣ ዛሬ ምን ምን እንደምንሠራ በሰሌዳ መጻፍ፣ ያለቀውን መሰረዝ። ነገር ድንገት የተገለበጠበት ልጅ ቀጥሎ የሚመጣውን ማወቅ ከማር ይጥመዋል። ሰሌዳው ላይ ያለውን ዝርዝር የሚሰርዝ ተራኛ ለመሆን ይጣሉ ነበር። ዝናብ ይዞን አንድ ቀን ሃያ ደቂቃ ብንዘገይ ሁለት ልጆች ጭቃ ውስጥ መንገድ ዳር ቆመው ሲጠብቁን አገኘናቸው። «ቲቸር፣ የቀራችሁ መስሎን» አሉ። አኮረፉን፤ እስከ መጨረሻውም ዝርዝሩን አልሰረዙም።

ይህ ቃል ወደ ዋናው ነገር ያደርሰናል። እኛ እንሄዳለን። ልምምዱ የተወሰኑ ሳምንታት ነው፤ ልጆቹ ግን ሰው ድንገት ሲጠፋ አይተው ያውቃሉ። ከእኛ በፊት የነበሩት ተለማማጆች መቼ እንደ ሄዱ ስንጠይቅ ልጆቹ «አናውቅም፣ ቀሩ» ብለው ነበር የመለሱልን። መልካም ሠርተው ይሆናል፤ ይሁን እንጂ በልጆቹ ዘንድ የቀረው መቅረታቸው ነው። እንግዲህ ስንብቱ መጀመር ያለበት በመጨረሻው ቀን ሳይሆን በመጀመሪያው ቀን ነው። እኛ ዘግይተን፣ አራት ሳምንት ሲቀረን ነው የነቃነው። አሥራ ሁለት ሣጥን ያለው ካርቶን ሰቅለን በየቀኑ አንዱን አቀለምን፤ አሥራ ሁለተኛው ሲሞላ እንደምንሄድ ነገርናቸው። «እንመለሳለን» አላልንም፤ ልንል አፋችን ላይ መጥቶ ነበር። የሚተካንን መምህር በመጨረሻው ሳምንት አብሮን እንዲገባ ለመንነው፤ ክቡን፣ ዝርዝሩን፣ የበሩን ሥር መቀመጫ አሳየነው።

ሣጥኖቹ ሦስት ሲቀሩ ክፍሉ ተረበሸ። የተረጋጋው ልጅ መደባደብ ጀመረ፤ አንዷ «ድሮም አልወዳችሁም» አለችን። መምህራችን ይህ የሚጠበቅ መሆኑን ባይነግሩን ኖሮ ሥራችን ሁሉ ከንቱ ቀረ ብለን እናዝን ነበር።

በመጨረሻው ቀን ብስኩትና ሻይ ነበር። ከልጆቹ ሁለቱ አልመጡም፤ አንዱ የበሩ ሥር ልጅ ነው። እኛ ሳንለየው እሱ ቀደመን። ሥዕሎቹን በካኪ ወረቀት ጠቅልለን ለተተካው መምህር ሰጠነው፤ ሰኞ ስምንት ሰዓት ላይ በሩ ሥር ያለውን ወንበር ባዶ እንዲተውለትም አደራ አልነው።