የግብረ ገብን ምንጭ የሚመለከቱ ቃላት አተረጓጐም

የሰው ልጅ ግብረ ገብነት የሚመነጨው ከዝግመተ ለውጥ ነው፣ ከባህል ነው ወይስ ከማመዛዘን? ጥያቄው የፈላስፎችና የሥነ ሕይወት ሊቃውንት ቢሆንም፣ ወደ አማርኛ ሲመለስ የተርጓሚውም ጥያቄ ይሆናል። የተመረጠው ቃል ደራሲው ያልሰጠውን ፍርድ አስቀድሞ ሊሰጥ ይችላልና።

«ግብረ ገብ» በትምህርት ቤት የሚሰጥ የትምህርት ዓይነት መጠሪያ ሆኖ ስለ ኖረ፣ አንባቢው በአስተዳደግ የተገኘ ጠባይን ያስባል፤ ቃሉ ወደ ባህል ያደላል። «ኅሊና» በግእዝ «አሰበ» ማለት ከሆነው «ኀለየ» የወጣ እንደ መሆኑ ወደ ማመዛዘን ያቀርባል፤ ዛሬ ግን ይበልጡን የሚሰማው የሚወቅስ የውስጥ ዳኛ ነው። ስለዚህ ካንት በ1785 (እ.ኤ.አ.) የግዴታ መሠረት ያደረገውን የማመዛዘን ኀይል «ኅሊና» ብንለው ሐሳቡን እናዛባለን። «ደመ ነፍስ» ወደ ተፈጥሮ ያዘነብላል፤ ነገር ግን «በደመ ነፍሱ ሮጠ» ስንል ሳያስብ ሮጠ ማለታችን ነው።

ችግሩ በዳርዊን ጽሑፍ ላይ ጐልቶ ይታያል። ዳርዊን በ1871 (እ.ኤ.አ.) ስለ ሰው አመጣጥ ባሳተመው መጽሐፍ፣ በጎውን ከክፉው የመለየት ስሜት እንዴት እንደ ተገኘ በአራት ደረጃዎች ያስረዳል። አንደኛው እንስሳት ከመሰሎቻቸው ጋር በመኖር እንዲደሰቱና እንዲተዛዘኑ የሚያደርግ ተፈጥሯዊ ዝንባሌ ነው፤ ሁለተኛው ያለፈውን ድርጊት አስታውሶ ቅር መሰኘት፤ ሦስተኛው በቋንቋ የሚገለጽ የማኅበረሰብ አስተያየት፤ አራተኛው ልማድ ነው። እንግዲህ ተፈጥሮ፣ ማሰብና ባህል በአንድ ደራሲ ሐሳብ ውስጥ ተያይዘው ይገኛሉ። የመጀመሪያውን ደረጃ «ማኅበራዊ ደመ ነፍስ» ብንለው መተዛዘንን ድንገተኛ ድንጋጤ እናስመስለዋለን፤ ውጤቱን በሙሉ «ግብረ ገብ» ብንለው ደግሞ የተፈጥሮ ድርሻው ይሰወራል።

ስለዚህ ሦስት ነገር እናሳስባለን። «ግብረ ገብ» ለማኅበረሰብ የምግባር ደንብ፣ «ሥነ ምግባር» ደንቡን ለሚመረምረው የፍልስፍና ዘርፍ ይዋል። ምንጩ አከራካሪ ለሆነው ችሎታ «በጎና ክፉን የመለየት ስሜት» የሚለው ሐረግ ቢረዝምም ለየትኛውም ወገን አያደላም። ለማኅበራዊው የተፈጥሮ ግፊት «የአብሮ መኖር ዝንባሌ» የሚለውን እንመርጣለን። ከዚህ የተሻለ አቻ ቃል ያላቸው ተርጓሚዎች ሐሳባቸውን ቢያካፍሉን በደስታ እንቀበላለን።