የተለወጠው ስፒከሩ ነው ወይስ ጆሮዎ?

ቅዳሜ ማታ ልብዎን ያረካው ሙዚቃ ሰኞ ከሥራ ሲመለሱ ለዛው ጠፍቶብዎት ያውቃል? «ይሄ ስፒከር ተበላሸ» ብለው አዲስ ለመግዛት ከመነሳትዎ በፊት ትንሽ ይታገሱ። ብዙ ጊዜ የሚለወጠው መሣሪያው ሳይሆን ሰሚውና ቤቱ ነው።

ከጆሮዎ እንጀምር። እ.ኤ.አ. በ1933 ፍሌቸርና ማንሰን የተባሉ አሜሪካውያን ተመራማሪዎች እንዳሳዩት፣ ድምፅ ሲቀነስ ጆሯችን በተለይ ወፍራሙን የቤዝ ድምፅ መስማት ይቸግረዋል። ልጆች እንዳይነቁ ብለው ሲቀንሱት ሙዚቃው የሚሳሳብዎት ለዚህ ነው። ቀኑን ሙሉ በጩኸት መካከል የዋለ ጆሮም ለጊዜው ይደነዝዛል።

ሳሎንዎም የራሱ ድርሻ አለው። ምንጣፍ፣ ወፍራም መጋረጃና ሶፋ ቀጭኑን ድምፅ ይውጣሉ፤ ቤቱ በእንግዳ ሲሞላም እንዲሁ። ምንጣፉ ለእጥበት በተነሳ ዕለት ግን ድምፁ ያስተጋባል። ስፒከሩን ወደ ግድግዳ ጥግ ካስጠጉት ቤዙ ይጎላል። ቀን የመንገዱ ጫጫታ የሸፈነው ረቂቅ ድምፅ ደግሞ ሌሊት ጥርት ብሎ ይሰማል።

ስለዚህ ሙዚቃው ሲደበዝዝብዎት ድምፁን ለመጨመር አይቸኩሉ። የዓለም ጤና ድርጅት በሳምንት ለ40 ሰዓት የሚደመጥ ድምፅ ለአዋቂ ከ80፣ ለልጆች ከ75 ዴሲቤል እንዳይበልጥ ይመክራል። ጆሮዎን አሳርፈው በነጋታው ያንኑ ዘፈን፣ በዚያው የድምፅ መጠን፣ እዚያው ቦታ ተቀምጠው ያዳምጡት። ለቤተሰቡ ሁሉ ከተበላሸ ስፒከሩን ያስጠግኑ፤ ለእርስዎ ብቻ ከደበዘዘ ግን የጆሮ ሐኪም ያማክሩ። ስፒከር ይተካል፤ ጆሮ አይተካም።