የኦንላይን አገልግሎት አልከፍት ሲል፦ የስህተት መልእክቶች ምን ይነግሩናል?

ከጨንቻ፣ ከካምባ ወይም ከምዕራብ አባያ ወደ አርባ ምንጭ መጥቶ ፓስፖርት ለማመልከት ወይም የንግድ ፈቃድ ለማደስ የተቀመጠ ተገልጋይ ድረ ገጹ አልከፍት ሲለው የትራንስፖርት ወጪውና የሥራ ቀኑ ይባክናል፤ ቀነ ገደብም ሊያልፍበት ይችላል። ሆኖም በስክሪኑ ላይ የሚታየው መልእክት ችግሩ በስልኩ፣ በኔትወርኩ ወይም አገልግሎቱን በሚሰጠው ኮምፒውተር (ሰርቨር) ላይ መሆኑን በአብዛኛው ይጠቁማል።

1. ቁጥር ሳይታይ ገጹ ካልተከፈተ

በቅድሚያ ሌላ ድረ ገጽ ይሞክሩ። እርሱም ካልተከፈተ ችግሩ የሞባይል ዳታ ወይም የኔትወርክ ነው። ሌላው ተከፍቶ ይኸኛው ብቻ «አድራሻው አልተገኘም» ካለ የአድራሻውን ፊደላት በጥንቃቄ ያመሳክሩ። «ሪፊውዝድ» የሚል ቃል ከታየ አብዛኛውን ጊዜ አገልግሎቱ በሰርቨሩ ላይ ቆሟል ማለት ነው፤ ስልክ መቀየር አይጠቅምም።

2. «ግንኙነቱ አስተማማኝ አይደለም» ካለ

የስልክዎን ቀን ይመልከቱ። ዓመተ ምሕረቱ በኢትዮጵያ አቆጣጠር ተሞልቶ ከሆነ ስልኩ 7 ወይም 8 ዓመት ወደ ኋላ ስለሚቀር የድረ ገጹ የደኅንነት ሰርተፊኬት ገና ሥራ ላይ ያልዋለ ይመስለዋል። ቀኑን በራሱ እንዲስተካከል ያድርጉ። ቀኑ ትክክል ሆኖ ማስጠንቀቂያው ከቀጠለ የመታወቂያ ቁጥርዎን ወይም የይለፍ ቃልዎን አያስገቡ።

3. ቁጥር ከታየ

• 403፦ ገጹን ለማየት ፈቃድ የለዎትም፤ እንደገና ይግቡ።
• 404፦ ገጹ በዚያ አድራሻ የለም፤ ከመነሻ ገጹ ይጀምሩ።
• 500፦ በሰርቨሩ ላይ የሚሠራው ፕሮግራም ተሰናክሏል።
• 502፦ ጥያቄዎን የተቀበለው ሰርቨር ከጀርባው ካለው ሥርዓት ትክክለኛ ምላሽ አላገኘም።
• 503፦ አገልግሎቱ ተጨናንቋል ወይም በጥገና ላይ ነው።
• 504፦ ከጀርባ ያለው ሥርዓት በተወሰነለት ጊዜ አልመለሰም።

በ5 የሚጀምሩት ስህተቶች የሚስተካከሉት በአገልግሎት ሰጪው ተቋም ባለሙያዎች ነው። ከቁጥሩ ሥር የሚታየው «ኤንጂን ኤክስ» የሚለው ስም በሊኑክስ ሰርቨሮች ላይ በስፋት የሚሠራ ሶፍትዌር መጠሪያ እንጂ ቫይረስ አይደለም።

4. ክፍያ ላይ ከተቋረጠ

504 ወይም «ጊዜው አልቋል» የሚል መልእክት ክፍያው አልተፈጸመም ማለት አይደለም፤ ትእዛዙ ደርሶ ምላሹ ብቻ ዘግይቶ ሊሆን ይችላል። ስለዚህ ዳግም ከመክፈልዎ በፊት የባንክ ወይም የሞባይል ገንዘብ አጭር መልእክትዎንና ቀሪ ሂሳብዎን ያረጋግጡ።

ችግሩን ሲያመለክቱ

የስክሪኑን ፎቶ፣ የማመልከቻ ቁጥርዎንና ችግሩ የደረሰበትን ቀንና ሰዓት ለተቋሙ ያቅርቡ። ሰርቨሩ ጥያቄዎችን በ24 ሰዓት አቆጣጠር ስለሚመዘግብ «3 ሰዓት» ከማለት ይልቅ «ከጠዋቱ 3 ሰዓት» ብለው ይግለጹ፤ ባለሙያው የእርስዎን ጥያቄ ከመዝገቡ ለይቶ ለማግኘት ይረዳዋል።